ልጆች በጦርነት ዘመን፤ የልጆች ልብ ወለድ ለታሪክ ተማሪ ምን ይመሰክራል?

ስለ ጦርነት የተጻፉትን የታሪክ መጻሕፍት ስንመረምር በብዛት የምናገኘው የነገሥታትን ስም፣ የጦር አለቆችን ዕቅድ፣ የውል ቀንና የሙታንን ቍጥር ነው። ልጆች በእነዚህ ገጾች ላይ ቢታዩም የሚታዩት በቍጥር ብቻ ነው፤ ይህን ያህል ሺሕ ተሰደዱ፣ ይህን ያህል ሺሕ ያለ ወላጅ ቀሩ ይባላል። ልጁ ግን በዚያ ሌሊት ምን እንዳሰበ፣ ማንን እንደ ፈራና ማንን እንደ አመነ፣ ጦርነቱ ካለፈ በኋላስ ምን ይዞ እንደ ቀረ የሚነግረን የመዝገብ ቤት ወረቀት እምብዛም አይገኝም። ይህን ባዶ ቦታ ይዘው የምናገኛቸው በአብዛኛው ለልጆች የተጻፉ ልብ ወለድ ታሪኮች ናቸው።

በዚህ አጭር ጽሑፍ ለመመርመር የምሞክረው ጥያቄ እንግዲህ ይህ ነው፤ ስለ ጦርነት ዘመን ልጆች የተጻፈ ልብ ወለድ ለታሪክ ተማሪ ምስክር ሊሆን ይችላልን? ይችላል ከተባለስ በምን ልክ? ነገሩ እንዳይሰፋብኝ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ላይ የተጻፉ አራት መጻሕፍትን መርጫለሁ፤ ሦስቱ የእንግሊዝ፣ አንዱ የጀርመን ናቸው። ከዚያ በኋላ ከእኛው ታሪክ ጋር በቀጥታ ወደሚገናኝ አንድ መጽሐፍ እሻገራለሁ። ዓ.ም. ብዬ ካላመለከትሁ በቀር ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

አንዳንድ ጓደኞቼ ልብ ወለድ ልብ ወለድ ነው፤ የታሪክ ተማሪ በተፈጠረ ነገር ጊዜውን ማጥፋት የለበትም ይላሉ። ይህ አስተያየት የሚናቅ አይደለም። ሆኖም ብዙ ሰው ስለ ጦርነት መጀመሪያ የሚማረው ከታሪክ ፕሮፌሰር ሳይሆን በልጅነቱ ካነበበው ወይም ከተነበበለት ተረት ነው። በልጅነት የተተከለ ሐሳብ በኋላ በሰነድ ለመንቀል ያስቸግራል። ስለዚህ መጻሕፍቱን እንደ ምስክር ባንቀበላቸው እንኳ እንደ አስተማሪ ልንመረምራቸው ይገባናል።

1. የባቡር ጣቢያው መዝገብና የካሪ ትዝታ

በመጀመሪያ መዝገቡ የሚለውን እንይ። የእንግሊዝ መንግሥት ጦርነት ከመነሣቱ አስቀድሞ ከተሞች በአይሮፕላን ቦምብ እንደሚደበደቡ ገምቶ ልጆችን ወደ ገጠር ለማሸሽ ዕቅድ አውጥቶ ነበር። ዕቅዱ መስከረም 1 ቀን 1939 በሥራ ላይ ዋለ። በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ 1,500,000 የሚጠጋ ሰው ከከተማ ወጣ፤ ከዚህም ውስጥ ከ800,000 የሚበልጡት ያለ ወላጅ ከትምህርት ቤታቸው ጋር የተጓዙ ተማሪዎች ነበሩ። እያንዳንዱ ልጅ ስሙ የተጻፈበት ወረቀት በልብሱ ላይ ታስሮለት፣ ከመርዝ ጋዝ መከላከያ ጭምብል በሣጥን ይዞ ሄደ። ልጅ ለተቀበለ ባለቤት መንግሥት ለአንድ ልጅ በሳምንት 10 ሺሊንግ ከ6 ፔንስ፣ ከአንድ በላይ ለሆኑ ደግሞ ለእያንዳንዳቸው 8 ሺሊንግ ከ6 ፔንስ ይከፍል ነበር። የተፈራው ድብደባ ወዲያው ስላልመጣ እስከ 1940 መጀመሪያ ድረስ ግማሽ ያህሉ ተመልሰው ነበር፤ በሎንዶን ላይ የማያቋርጠው የሌሊት ድብደባ የጀመረው ከዚያ በኋላ በመስከረም 7 ቀን 1940 ነው።

መዝገቡ የሚለው ይህን ነው። አሁን ኒና ባውደን በ1973 ያሳተመችውን «የካሪ ጦርነት» የተባለውን መጽሐፍ እናንሣ። ደራሲዋ በ1925 የተወለደች ስትሆን ራስዋ በተማሪነትዋ ከሎንዶን ወደ ዌልስ የተላከች ነበረች። በመጽሐፉ ካሪና ታናሽ ወንድምዋ ኒክ ከብዙ ልጆች ጋር በአንዲት የድንጋይ ከሰል ማውጫ ከተማ አዳራሽ ውስጥ ይቆማሉ፤ የአገሩ ሰዎች እየዞሩ ልጅ ይመርጣሉ። ሁለቱ እኅትና ወንድም ከሌሎቹ ወደ ኋላ ይቀራሉ። በመጨረሻ የምትወስዳቸው የአንድ ቈጣ ባለሱቅ እኅት ናት። በባለሱቁ ቤት የደረጃው ምንጣፍ አዲስ ስለሆነ እንዳያልቅ ልጆቹ ብዙ እንዳይመላለሱበት ይከለከላሉ።

መዝገቡ 10 ሺሊንግ ከ6 ፔንስ ይላል፤ መጽሐፉ ስለ ምንጣፉ ይነግረናል። በእኔ አስተያየት ሁለቱ አይጣሉም፤ አንዱ ያለ ሌላው ጐደሎ ነው። ሺሊንጉ ልጁ ለምን በዚያ ቤት እንደ ተቀመጠ ያስረዳል፤ ምንጣፉ ደግሞ ልጁ በየቀኑ እንግዳ መሆኑን በምን እንደሚያውቅ ያስረዳል።

ከዚህም የበለጠ ነገር አለ። በታሪኩ መጨረሻ ካሪ ከባቡር ሆና የምትወዳቸው ሰዎች ቤት ሲቃጠል ታያለች፤ ከዚያ በፊት በቍጣ ያደረገችው አንድ ነገር እሳቱን እንዳመጣ አምና ያንን ጥፋት ለሠላሳ ዓመት በልብዋ ትሸከማለች። ኋላ ግን ያሰበችው ስሕተት እንደ ነበረ ይገለጣል። ይህን እሳት በየትኛውም መዝገብ አናገኘውም፤ ደራሲዋ የፈጠረችው ነው። ነገር ግን ከቤቱ ተለይቶ የሄደ ልጅ ለደረሰው መከራ ራሱን ተጠያቂ ማድረጉ ከልጅነት ጠባይ የሚገኝ እውነት ነው። ስለዚህ ፈጠራው በሰነድ የተረጋገጠውን ነገር አላፈረሰም፤ ሰነድ የማይደርስበትን ሞላ እንጂ።

2. የልጆች ምሽግ

ሁለተኛው መጽሐፍ ሮበርት ዌስታል በ1975 ያሳተመው «መትረየሰኞቹ» ነው፤ በእንግሊዝ አገር ለልጆች መጽሐፍ የሚሰጠውን የካርኔጊ ሜዳልያ አግኝቷል። ዌስታል በ1929 በሰሜን እንግሊዝ በባሕር ዳር ከተማ ተወልዶ ድብደባውን በልጅነቱ ያየ ሰው ሲሆን፣ መጽሐፉን የጀመረው ልጁ እርሱ በጦርነቱ ጊዜ በነበረበት ዕድሜ ላይ በደረሰ ጊዜ ለእርሱ ሊያነብለት ብሎ ነው። ዋናው ባለታሪክ ቻስ እንደ ከተማው ወንዶች ልጆች ሁሉ የቦምብ ስብርባሪ ይሰበስባል፤ አንድ ቀን ከወደቀ የጀርመን አይሮፕላን ላይ መትረየስ ያገኛል። ከጓደኞቹ ጋር ሠርቆ ይደብቀዋል፤ ምሽግም ይሠራሉ። ኋላም አንድ ጀርመናዊ አይሮፕላንተኛ በእጃቸው ይወድቃል፤ ይደብቁታል፣ ይመግቡታልም።

ስለ ጦርነቱ ጊዜ በእንግሊዝ በሰፊው የሚነገረው ሕዝቡ ሁሉ በአንድ ልብ ጸንቶ መቆሙ ነው። ዌስታል ይህን አይክድም፤ ግን ልጆቹ ከትልልቆቹ ተለይተው የራሳቸው ጦርነት እንደ ነበራቸው ያሳያል። ልጆቹ ትልልቆቹን ማመን ትተዋል፤ ስለ ጠላት የተነገራቸውም በዓይናቸው ካዩት ሰው ጋር አልስማማ ብሏቸዋል። ጦርነት ሰላማዊውን ልጅ ወደ ወታደርነት የሚስበው በትእዛዝ ብቻ ሳይሆን በጨዋታም በኩል መሆኑን ከዚህ እንማራለን። የጦር ሚኒስቴር መግለጫ ይህን ሊነግረን አይችልም።

3. መልካሙ ፍጻሜና አደጋው

ሦስተኛው መጽሐፍ ከሁለቱ ቀድሞ የተጻፈ ነው፤ ኢያን ሰራይየ በ1956 ያሳተመው «የብር ሰይፍ»። ደራሲው አስተማሪ ነበር፤ በሃይማኖቱ ምክንያትም መሣሪያ አላነሣም ያለ ሰው ነው። ታሪኩ በዋርሶ ከወላጆቻቸው የተለዩ ሦስት ወንድማማችና እኅትማማች ልጆችና የብር ሰይፉን የያዘ አንድ ሌላ ብላቴና ከፈራረሰችው ከተማ ተነሥተው በጀርመን በኩል እስከ ስዊስ ድረስ እንደ ተጓዙ ይተርካል። በመጨረሻ ከአባትና ከእናታቸው ጋር ይገናኛሉ። ልጆቹ የሚያርፉበት የልጆች መንደርም ያለ መሠረት የተፈጠረ አይደለም፤ በስዊስ ትሮገን በተባለ ስፍራ በ1946 በጦርነቱ ወላጅ ላጡ ልጆች የፔስታሎትሲ መንደር ተቋቁሞ ነበር።

መጽሐፉ በጠላትነት ፈንታ ርኅራኄን ማስተማሩ የሚመሰገን ነው፤ ከጦርነቱ ማለቅ በኋላ በ11 ዓመት ውስጥ እንዲህ መጻፍም ቀላል አልነበረም። ነገር ግን የታሪክ ተማሪ እዚህ ላይ ቆም ብሎ መጠየቅ አለበት። ዋርሶ ብዙ አይሁድ የሚኖሩባት ከተማ ነበረች። በ1940 ከ400,000 የሚበልጥ አይሁዳዊ በግንብ በታጠረ ሰፈር ውስጥ ተዘጋ፤ በ1942 በክረምቱ ወራት አብዛኛው ወደ ትሬብሊንካ ተወስዶ ተገደለ። የእነዚህ ሰዎች ልጆች ዕጣ በመጽሐፉ ዋና መንገድ ላይ አልቆመም። ተጓዦቹ ልጆች ወላጆቻቸውን አግኝተዋል፤ ስፍር ቍጥር የሌላቸው የዋርሶ ልጆች ግን ወዴትም የሚጓዙበት መንገድ አልነበራቸውም። ይህን መጽሐፍ ብቻ ያነበበ ልጅ ጽናት ያለው ሁሉ በመጨረሻ ቤቱን ያገኛል ብሎ ቢያምን አይፈረድበትም። ፍጻሜው ከታሪኩ ሂደት ሳይሆን አንባቢውን ከማጽናናት የመጣ በሆነ ጊዜ ልብ ወለዱ ምስክርነቱን ይለቃል።

4. ፍጻሜውን ያልሸሸ መጽሐፍ

አራተኛው በዚህ ረገድ የሦስተኛው ተቃራኒ ነው። ሃንስ ፔተር ሪሽተር የተባለ ጀርመናዊ በ1961 ስለ ፍሪድሪሽ የሚተርክ መጽሐፍ አሳተመ። ሪሽተር በ1925 የተወለደ፣ በናዚ ዘመን ያደገና በጀርመን ጦር ውስጥ ያገለገለ ሰው ነው። በመጽሐፉ ሁለት ልጆች በአንድ ቤት፣ በላይና በታች ፎቅ፣ በ1925 በሳምንት ልዩነት ይወለዳሉ፤ ተራኪው ጀርመናዊ ነው፤ ፍሪድሪሽ ደግሞ አይሁዳዊ። እያንዳንዱ ምዕራፍ አጭር ሲሆን በዓመቱ ተሰይሟል። ፍሪድሪሽ መጀመሪያ ከትምህርት ቤቱ ይወጣል፤ ቀጥሎ ቤቱን፣ ከዚያም ወላጆቹን ያጣል። በ1942 በአይሮፕላን ድብደባ ጊዜ የቤቱ ባለቤት ከመጠለያው ይከለክለውና በደጅ ይሞታል።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ተራኪው ራሱን ንጹሕ አለማድረጉ ነው። በኅዳር 1938 በአይሁድ ቤቶች ላይ በደረሰው ጥፋት እርሱም ከሕዝቡ ጋር ገብቶ መስተዋትና ዕቃ ይሰብራል። ትንሽ ቈይቶ የጓደኛው ቤት በተመሳሳይ መንገድ ሲፈርስ ያያል። ደራሲው በመጽሐፉ መጨረሻ በአይሁድ ላይ የወጡትን ሕጎችና ድንጋጌዎች በየቀናቸው ዘርዝሯል። እንግዲህ ልጅ አንባቢው በአንድ በኩል የልጁን ሕይወት፣ በሌላ በኩል ሕጉን ይዞ ያመዛዝናል። ልብ ወለድና ሰነድ በአንድ ጥራዝ ተገናኝተዋል።

ከአራቱ መጻሕፍት ተነሥቼ ሦስት መመዘኛዎች ለማቅረብ እደፍራለሁ። አንደኛ፣ የሕዝብ የሆነው ነገር፣ ማለት ቀኑ፣ ስፍራውና ሕጉ በትክክል ተቀምጦአልን? ሁለተኛ፣ ፈጠራው ሰነድ ዝም ያለበትን ይሞላል ወይስ ሰነድ የተናገረውን ይሽራል? ሦስተኛ፣ ፍጻሜው ከዘመኑ እውነት የወጣ ነው ወይስ ለአንባቢው ማጽናኛ የተሰጠ? እነዚህን ሦስት ያለፈ መጽሐፍ በእኔ አስተያየት የታሪክ ተማሪ ሳያፍር ሊጠቅሰው ይችላል፤ ለነገሩ ማረጋገጫ አድርጎ ሳይሆን ለጥያቄው መነሻ አድርጎ።

5. የመቅደላው ልጅ

አሁን ወደ እኛ ጉዳይ እመለሳለሁ። ኤሊዛቤት ሌርድ የተባለች ደራሲ በ2012 ለልጆች ያሳተመችው «ከአንበሶች ጋር የሄደው ልዑል» የተባለ መጽሐፍ የልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ ታሪክ ነው። ደራሲዋ በ1960ዎቹ ዓመታት በአዲስ አበባ አስተማሪ ነበረች፤ ቈይታም ከኢትዮጵያ ልዩ ልዩ ክፍሎች ተረቶችን ሰብስባለች።

መዝገቡ የሚለው ይህ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ በገዛ እጃቸው በሞቱ ጊዜ ዓለማየሁ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ባሕሩ ሲጓዙ በመንገድ ዐረፉ። ልጁ ያለ አባትና ያለ እናት ባሕር ተሻግሮ በ1868 በበጋው ወራት እንግሊዝ ደረሰ፤ በዋይት ደሴትም ከንግሥት ቪክቶሪያ ፊት ቀረበ። መጀመሪያ ያሳደገው አማርኛ የሚያውቀው ካፒቴን ስፒዲ ነበር፤ ኋላ ግን ከእርሱ ተለይቶ በአስተማሪዎች እጅ ገባ። በራግቢ ትምህርት ቤት፣ ከዚያም በሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ቈየ። ኅዳር 14 ቀን 1879 በሊድስ ከተማ በሳንባ በሽታ በ18 ዓመቱ ሞተ፤ በዊንድዘር በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ። ንግሥቲቱ ሞቱን በሰማች ጊዜ ሕይወቱ ደስታ የራቀው እንደ ነበረ በማስታወሻዋ ጽፋለች።

እንግዲህ ልብ እንበል። ስለዚህ ልጅ ከምናነበው ሁሉ አብዛኛው ሌሎች ሰዎች የጻፉት ነው፤ ንግሥቲቱ፣ ሹማምንቱ፣ አሳዳጊዎቹና አስተማሪዎቹ ጽፈዋል። በመጣ በዓመቱ የተነሡት ፎቶግራፎች እንኳ ሌላ ሰው እንደ ፈለገው አልብሶና አስቀምጦ ያነሣቸው ናቸው። የልጁ የራሱ ቃል ግን ጥቂት ነው። ሌርድ ያደረገችው ነገሩን ከልጁ ወገን ሆኖ መመልከት ነው፤ የአባቱ መንግሥት ሲወድቅ፣ እንግዳ ቋንቋ ሲከብበው፣ በትምህርት ቤት ሲያላግጡበት ምን እንደ ተሰማው።

በሦስቱ መመዘኛዎች ስንመዝነው መጽሐፉ ታላቁን ነገር አይሽርም፤ ሰነዱ ዝም ባለበት ይናገራል። ግን እዚህ ላይ ከካሪ ጉዳይ የሚለይ ነገር አለ። ካሪ የተፈጠረች ናት፤ ዓለማየሁ ግን እውነተኛ ሰው ነው። ስለ እርሱ የሚናገር ሰው ለሕያው ጉዳይ ጠበቃ ይሆናል። የኢትዮጵያ መንግሥት ዐፅሙ ወደ አገሩ እንዲመለስ በ2007 ጠይቆ ነበር፤ በ2023 ጥያቄው ዳግመኛ በተነሣ ጊዜ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በአጠገቡ የተቀበሩትን የሌሎችን ዕረፍት ሳያውኩ ማውጣት አይቻልም ብሎ መልሷል። ስለዚህ አንድ እንግሊዛዊ ልጅ ይህን መጽሐፍ አንብቦ ያ ልጅ ለምን ወደ ቤቱ አልተመለሰም ብሎ ቢጠይቅ የልብ ወለድ ጥያቄ አይደለም የጠየቀው።

ይሁን እንጂ የሚያሳስበኝ አንድ ነገር አለ። የመቅደላውን ልጅ ስሜት ለዓለም ልጆች የነገረችው ደራሲ በእንግሊዝኛ የጻፈች ናት። መልካም ማድረግዋን አልክድም፤ ነገር ግን እኛ ዝም ባልን ቍጥር ልጆቻችን የራሳቸውን ታሪክ ከሌላ ቋንቋ ተበድረው ያነባሉ።

6. አምስቱ ዓመታት

ይህን ስል ጭብጥ ጠፍቶን አይደለም። የፋሺስት ጣሊያን ጦር ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በአገራችን የቈየበት ዘመን በወጣቶች ታሪክ የተሞላ ነው። በ1928 ዓ.ም. በነቀምት የተቋቋመውን የጥቁር አንበሳ ማኅበር እንውሰድ። በዶክተር ዓለመወርቅ በየነ መሪነት ከተሰበሰቡት ብዙዎቹ የሆለታ የጦር ትምህርት ቤት ዕጩ መኰንኖችና ሌሎች ወጣት ምሁራን ነበሩ። ማኅበሩ ዐሥር አንቀጽ ያለው ደንብ ነበረው፤ ገበሬውን እንዳያስጨንቁ፣ የተማረከውንም ጠላት እንዳያንገላቱ ያዝዝ ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ በአዲስ አበባ በሕዝቡ ላይ በወረደው እልቂት ከተማረው ወጣት ወገን ብዙው ተገደለ።

እነዚህ ከልጅነት አልፈው ወደ ሙሉ ሰውነት የተሻገሩ ናቸው። ከእነርሱ በታች የነበሩትስ? በየካቲት 12 ሌሊት ከጎረቤት አጥር ሥር የተደበቀው ልጅ፣ አባቱ በዱር እያለ በጣሊያን ትምህርት ቤት የተቀመጠው ልጅ፣ ከእናቱ ጋር ከሰፈር ሰፈር የተሰደደችው ልጅ ምን አዩ? በ1928 ዓ.ም. የሰባት ዓመት ልጅ የነበረ ሰው ዛሬ ዕድሜው ወደ መቶ ተጠግቷል። ባውደንና ዌስታል የጻፉት ገና በጕልማሳነታቸው፣ ትዝታቸው ሳይደበዝዝ ነበር። በእኛ ዘንድ ግን ያ ጊዜ አልፏል፤ የቀረው ሽማግሌዎቹ ለልጆቻቸውና ለልጅ ልጆቻቸው የነገሩት ነው።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ መደምደሚያ ለጓደኞቼ የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። ለክረምት ዕረፍት ወደየቤታችን ስንሄድ በሕይወት ያሉ አረጋውያን ቢኖሩ ከእነርሱ፣ ባይኖሩም ከልጆቻቸው፣ ስለ ጦርነቱ ዘመን ልጅነት እንጠይቅ። አያታችን የትኛው ጦር በየትኛው በር እንደ ገባ ላያውቁ ይችላሉ፤ ያን ጊዜ ምን እንደ በሉ፣ የት እንደ ተኙ፣ ማን እንደ ደበቃቸው ግን ያውቃሉ። የሰማነውን ቀኑንና ስፍራውን ጨምረን እንጻፍ፤ ከታተመው ታሪክ ጋርም እናስተያይ። ይህ ሲሆን የታሪክ ተማሪው አዲስ ማስረጃ ያገኛል፤ ለልጆች የሚጽፈው ደራሲም ከአየር ላይ ሳይሆን ከመሬት ይነሣል።

በመነሻዬ ልብ ወለድ ምስክር ሊሆን ይችላልን ብዬ ጠይቄ ነበር። መልሴ ይህ ነው፤ በቀንና በቍጥር ነገር ምስክር አይሆንም፤ በልጅ ልብ ውስጥ ስላለፈው ነገር ግን ሌላ ምስክር በሌለበት ስፍራ ቃሉን ልንሰማው ይገባል፤ ሰምተንም በሰነድ እንመርምረው። ከዚህ የሚከፋው ሐሰተኛ ምስክር መስማት ብቻ አይደለም፤ ምስክሮቹ ሁሉ እስኪያልፉ ድረስ ሳይጠይቁ መቀመጥም ነው።